የማየት ኃይል መድከምና የአረጋውያን ኑሮ

(ለእጩ መምህራን የጥናት ክበብ የቀረበ ጽሑፍ)

መግቢያ

«እርጅና ብቻህን ና» ይላል ያገራችን ሰው። እርጅና ግን ስለ ተለመነ ብቻውን የሚመጣ እንግዳ አይደለም። የጉልበት መዛልን፣ የጆሮ መክበድን፣ የጥርስ መርገፍን አስከትሎ ይመጣል። ከነዚህም ጋር የዓይን መድከም አለ። አረጋውያን ስለ ወገባቸውና ስለ ጉልበታቸው ሲያማርሩ ዘወትር እንሰማለን፤ ስለ ዓይናቸው ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። ዓይን የሚደክመው ቀስ በቀስ ስለሆነ ባለቤቱም ሆነ ቤተሰቡ ነገሩን የሚረዱት ብዙ ርቆ ከሄደ በኋላ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «የዓይን ነገር የሐኪም ጉዳይ ነው፤ እኛ መምህርነት ልንማር የመጣን ሰዎች ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም በሦስት ይከፈላል። አንደኛ፣ ነገ ተመድበን የምንሄድባቸው የገጠር ቀበሌዎች አብዛኛዎቹ የዓይን ሐኪም የሌለባቸው ናቸው፤ መምህሩ ግን አለ፤ ሰውም ይጠይቀዋል። ሁለተኛ፣ መምህር የሚያስተምረው ልጆችን ብቻ አይደለም፤ በጎልማሶች ትምህርት ክፍል ፊት ለፊቱ የሚቀመጡት ዓይናቸው የደከመ እናቶችና አባቶች ናቸው። ሦስተኛ፣ ዓይናቸው የጠፋ አዛውንት ባሉበት ቤት ብዙ ጊዜ ከትምህርት የሚቀር አንድ ልጅ አለ። ይህን ሦስተኛውን ወደ ኋላ በሰፊው እንመለስበታለን።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ዓይን በዕድሜ ብዛት ምን እንደሚሆን፣ ቀጥሎ የማየት ኃይል ሲደክም የአረጋዊው አካል፣ ሥራ፣ ማኅበራዊ ኑሮና መንፈስ እንዴት እንደሚጎዳ፣ በመጨረሻም ከመምህሩ ምን እንደሚጠበቅ እንመለከታለን።

1. ዓይን በዕድሜ ብዛት ምን ይሆናል?

ብርሃን ወደ ዓይናችን የሚገባው ከፊት ለፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን በኩል ነው። በብሌኑ ቀዳዳ ያልፍና ሌንስ በተባለው ክፍል ተሰብስቦ ከበስተኋላ ባለው ሬቲና ላይ ያርፋል። ሬቲናም የተቀበለውን በዓይን ነርቭ አማካይነት ወደ አንጎል ይልካል። ከነዚህ ክፍሎች አንዱ ሲበላሽ ማየት ይጓደላል።

ምንም በሽታ ባይኖርም እንኳ ዕድሜ ሲገፋ ለውጥ አይቀርም። ብሌኑ ይጠባል፤ ሌንሱም ወደ ቢጫነት ያደላል። በዚህም ምክንያት በ60 ዓመት ሰው ሬቲና ላይ የሚያርፈው ብርሃን በ20 ዓመት ወጣት ሬቲና ላይ ከሚያርፈው በግምት አንድ ሦስተኛው ያህል ነው። ስለዚህ እኛ «ይበቃል» የምንለው የኩራዝ ብርሃን ለአያታችን ጨለማ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሌላ በተለይ ማወቅ የሚገቡን አራት ነገሮች አሉ።

ሀ) የቅርብ እይታ መድከም፦ ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሌንሱ እየደረቀ እንደ ልብ መለጠጥና መሰብሰብ ያቅተዋል። ሰውየው ወረቀቱን ከዓይኑ እያራቀ ማንበብ ይጀምራል፤ በመጨረሻ እጁ ያጥረዋል። ሴትየዋም ክር በመርፌ ለማስገባት ልጅ ትጠራለች። ይህ የማንኛውም ሰው ዕጣ ነው፤ መፍትሔውም የማንበቢያ መነጽር ነው።

ለ) የዓይን ሞራ፦ ብዙ ሰው ሞራ ማለት በዓይን ላይ የበቀለ ስስ ቆዳ ይመስለዋል፤ ስሙም ከታረደ በግ ሆድ ዕቃ ላይ ያለውን ነጭ ስብ ያስታውሳል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ሞራ የሚባለው ራሱ ሌንሱ ጥርት ማለቱን ትቶ ሲደፈርስ ነው። ሕመም የለውም። ሰውየው በጉም ወይም በቆሸሸ መስተዋት ውስጥ እንደሚያይ ይሆናል፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይብስበታል። ጠብታ መድኃኒትም ሆነ መነጽር አያስለቅቀውም፤ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው።

ሐ) ትራኮማ፦ በብዙ አካባቢ ማዝ ይሉታል። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በሽታው የሚይዘው በልጅነት ሲሆን ጉዳቱ የሚታየው በጉልምስናና በእርጅና ነው። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሰስና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ በእያንዳንዱ እርግብግቢት ፀጉሩ ዓይንን ይፍቃል። በወረንጦ የሚያስነቅሉ እናቶችን ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በብዛት ይጎዳል፤ ምክንያቱም ዓይናቸው ከታመመ ሕፃናት ጋር አብረው የሚውሉት እነሱ ናቸው።

መ) ግላኮማ፦ ይህ ደግሞ ድምፅ የሌለው ሌባ ነው። ብዙ ጊዜ ከዓይን ውስጥ ግፊት ጋር ተያይዞ የዓይን ነርቭ እየሞተ ይሄዳል። ሕመም አይሰማም፤ መጀመሪያ የሚጠፋው የጎን እይታ ስለሆነ ሰውየው ልብ አይለውም። አንድ ጊዜ የጠፋው አይመለስም፤ በጊዜ ከታወቀ ግን የቀረውን ማቆየት ይቻላል። በግላኮማ የታወረ ሰው ወንድሞች፣ እኅቶችና ልጆች በተለይ መመርመር አለባቸው።

ከነዚህ ሌላ የስኳር በሽታ የሬቲናን ደም ሥሮች ይጎዳል፤ የሬቲና መሐከል በእርጅና መበላሸትም አለ።

2. የነገሩ ስፋት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ቢያንስ 2.2 ቢሊዮን ሰዎች የቅርብ ወይም የሩቅ እይታ ችግር እንዳለባቸው፣ ከነዚህም ቢያንስ የ1 ቢሊዮኑ ችግር ሊከላከሉት ይቻል የነበረ ወይም ገና ሕክምና ያላገኘ መሆኑን ገልጿል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶ ደግሞ እይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ (49.9 በመቶ) የመጣው በዓይን ሞራ ሲሆን 11.5 በመቶው ትራኮማ ባስከተለው ጠባሳ ነው። ልብ ልንለው የሚገባው ዋናው አኃዝ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ከጠቅላላው ዓይነ ስውርነት 87.4 በመቶ የሚሆነው ሊከላከሉት ወይም ሊያክሙት የሚቻል ነበር። «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» የሚለው አነጋገር ስሕተት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም።

3. በኑሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ሀ) በአካል ላይ

ዓይኑ የደከመ ሰው ይወድቃል። የደጃፉ ደረጃ፣ በግቢው የተጋደመው ግንድ፣ ዝናብ የሸረሸረው ጎዳና ሁሉ ጠላቱ ነው። ለእኛ መውደቅ አቧራ ማራገፍ ነው፤ ለአዛውንት ግን የዳሌ አጥንት ስብራት ሊሆን ይችላል፤ ዳሌው የተሰበረ አዛውንት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአልጋ አይነሣም። ሕክምናው ምን ያህል እንደሚረዳ በእንግሊዝ አገር የተደረገ አንድ ሙከራ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው በዚህ ጥናት የአንድ ዓይናቸው ሞራ ቶሎ የወጣላቸው ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች ተራ ሲጠብቁ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ የመውደቃቸው መጠን በ34 በመቶ ቀንሷል።

ሌላው የእሳት ጉዳይ ነው። ምድጃ ዙሪያ የምትውል ዓይኗ የደከመ እናት ፍሙን ከአመዱ አትለይም። መድኃኒት በመለየትም በኩል እንዲሁ ነው፤ የደም ግፊቱን ክኒን ከሌላው ጋር የሚያምታቱ አሉ። ወደ ውጭ መውጣት ስለሚያስፈራቸው ሌሊት እንዳይነሡ ማታ ውኃ የማይጠጡም አሉ።

ለ) በሥራ ላይ

«ካረጁ አይበጁ» የሚለው ተረት በሰፊው ይነገራል። ታዲያ ስንቱ አዛውንት ነው ጉልበትና ዕውቀት ሳይጎድለው ዓይኑ ስለ ከዳው ብቻ «አይበጅም» የተባለው? ሸማኔው ክሩ ሲበጠስ መቀጠል ያቅተዋል። ልብስ ሰፊው ስፌቱ ይጣመምበታል። እናት ምስር ስትለቅም ድንጋዩን ታልፈዋለች፤ ልጆች በጥርሳቸው ያገኙታል። ገበያ የወጣ አዛውንት የብር ኖቱን መለየት አቅቶት ይታለላል፤ መታለሉን ሲያውቅ ደግሞ ገበያ መውጣቱን ይተዋል።

መነጽር ብቻ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። በሕንድ አገር አሳም በተባለው ግዛት ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ከ700 በላይ የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ላይ ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ከመካከላቸው መነጽር የተሰጣቸው ሠራተኞች ምርት ካልተሰጣቸው ይልቅ በ22 በመቶ ገደማ የበለጠ ጨምሯል። ጉልበት አልተጨመረላቸውም፤ አዲስ መሣሪያም አልተሰጣቸውም፤ የተሰጣቸው የቅርቡን አጥርቶ የሚያሳይ መነጽር ብቻ ነው።

ሐ) በማኅበራዊ ኑሮ ላይ

በእኔ አስተያየት በአገራችን ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የኛ ሕዝብ ኑሮ በሰላምታ የተሳሰረ ነው። ከሩቅ አይቶ ባርኔጣ ማውለቅ፣ ጎንበስ ማለት፣ ቆሞ «እንደምን ዋላችሁ» መባባል ክብር ነው። ሰላምታ ያልመለሰ ሰው ኮርቷል ወይም ተቀይሟል ይባላል። እንግዲህ 10 ሜትር ርቆ የቆመውን ሰው ፊት መለየት ያቃተው አዛውንት ምን ያድርግ? ሳይመልስ ያልፋል፤ ሰው ይቀየመዋል። መቀየማቸውን ሲሰማ ደግሞ ከቤት መውጣት ይተዋል። ዕድር ይቀራል፤ ሽምግልና ሲጠሩት «አሞኛል» ይላል፤ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ይርቀዋል።

ባደግሁበት መንደር ቡና በማፍላት የታወቁ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ከሦስተኛው በፊት ማንንም አያስነሡም ነበር። ኋላ ኋላ ጎረቤት መጥራት ተዉ። ሰው «እትዬ ንፉግ ሆኑ» አለ። ነገሩ ለካ ሌላ ኖሯል፤ ሲኒው በደንብ ሳይታጠብ ለእንግዳ ቀርቦ ያፈሩበት ቀን ስለነበረ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ለሞራ ሕክምና ዘመቻ ሐኪሞች በአቅራቢያው ወዳለ ከተማ ሲመጡ ልጃቸው ወሰዳቸው። በማግስቱ ፋሻው ተፈታ። ቤታቸው ሲደርሱ መጀመሪያ ያዩት ጥላሸት የጠጣውን ግድግዳና የሸረሪቱን ድር ነበርና «እኔ በዚህ ውስጥ ነው ስኖር የከረምሁት?» ብለው ልጃቸውን ተቆጡና መጥረጊያ አነሡ። በሳምንቱ ቡናው ተፈላ። ንፉግነት ሳይሆን ሐፍረት እንደ ነበረ መንደሩ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

መ) በመንፈስና በአእምሮ ላይ

ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን ከሌሎች ይልቅ ለትካዜና ለመንፈስ ጭንቀት የተጋለጡ መሆናቸው በብዙ ጥናቶች ታይቷል። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። ትናንት ቤት ያስተዳድር የነበረ ሰው ዛሬ ወደ ደጅ ለመውጣት ልጅ መለመን ሲኖርበት «ሸክም ሆንሁ» ይላል። ዳዊት ሲደግም የኖረ አባት መጽሐፉን ዘግቶ በቃሉ የሚያውቀውን ብቻ ይደግማል።

የማሰብ ኃይልም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የባለሙያዎች ኮሚሽን ዘገባ ያልታከመ የማየት ችግርን ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ሊቀነሱ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል። ይህ ማለት ዓይኑ የደከመ ሁሉ የመርሳት በሽታ ይይዘዋል ማለት አይደለም፤ ማየትን ማሳከም አእምሮንም ለመጠበቅ ይረዳል ማለት ነው።

በዚህ ርዕስ ሥር ሳይነገር መታለፍ የሌለበት አንድ ነገር አለ። አንዳንድ እይታቸው በጣም የደከመ ሰዎች የሌለ ነገር ያያሉ፤ ትናንሽ ሰዎች፣ አበባ፣ እንስሳ፣ የጨርቅ ጥለት የመሰለ ነገር ፊታቸው ይመጣል። ድምፅ የለውም። ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1760 በጽሑፍ ያቀረበው ሻርል ቦኔ የተባለ የስዊስ ሊቅ ነው። የጻፈውም አእምሯቸው ጤናማ ስለ ነበረው፣ ዓይናቸው ግን በሞራ ስለ ደከመው ስለ ገዛ አያቱ ነበር። ዛሬ ሁኔታው በቦኔ ስም ይጠራል። ምክንያቱም ከዓይን የሚደርሰው መልእክት ሲቀንስ አንጎል ራሱ ሥዕል መፍጠሩ ነው፤ እብደት አይደለም። በገጠራችን ግን እንዲህ ያዩ አዛውንት «ጋኔን ለከፋቸው» ወይም «ጃጁ» እንዳይባሉ ስለሚፈሩ ምሥጢራቸውን ይዘው ይኖራሉ። «ይህ የዓይን ድካም የሚያመጣው ነው፤ አላበዱም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ስንት ሌሊት የቆየ ፍርሃት ሊያስወግድ ይችላል! ይሁን እንጂ ሌላ በሽታ አለመኖሩ እንዲረጋገጥ ሐኪም ማየቱ አስፈላጊ ነው።

4. መሪው ልጅ

ዓይኑ የጠፋ አረጋዊ ባለበት ቤት ብዙውን ጊዜ በትሩን የሚይዝ አንድ ልጅ አለ። ስምንት፣ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ይሆነዋል። ጧት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀን ወደ ዘመድ ቤት፣ ማታ ወደ ጓሮ ይመራል። እናት ለእንጨትና ለውኃ፣ አባት ለእርሻ ስለሚፈለጉ ዕጣው የሚወድቀው በልጁ ላይ ነው። ልጁ በዚህ አይከፋም፤ አያቱን ይወዳል፤ ተረትና ምርቃት ያገኛል። የሚያጣው ፊደሉን ነው።

መምህሩ በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ብሎ ይጽፋል። በወሩ መጨረሻ የቀሪው ብዛት ይደመራል፤ ልጁ ሰነፍ ይባላል፤ በዓመቱ ይደግማል፤ ከዚያ ያቋርጣል። እንግዲህ የአንድ አዛውንት የዓይን ሞራ ሁለት ሰው አሳወረ ማለት ነው፤ አንዱን ከብርሃን፣ አንዱን ከትምህርት።

በመሆኑም መምህር ሆነን አንድ ልጅ ሲደጋግም ሲቀር ስናይ «ለምን ቀረህ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ቤት ውስጥ ማን አለ?» የሚለውንም እንጨምርበት። መልሱ «አያቴ ዓይናቸው አያይም» ከሆነ ሥራው ከልጁ ጋር ብቻ አይደለም። ሞራ ከሆነ በጥቂት ደቂቃ ቀዶ ሕክምና ልጁም አያቱም ነፃ ሊወጡ ይችላሉ።

5. ለምን አይታከሙም?

የዓይን ሞራ ሕክምና አዲስ ነገር አይደለም። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በለንደን ከተማ የተበላሸውን ሌንስ በሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት የጀመረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1949 ነው። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን አብራሪዎች ዓይን ውስጥ የገባው የፕላስቲክ ስባሪ ዓይንን እንደማያስቆጣ አስተውሎ ነበር። በአገራችንም እንደ አዲስ አበባው ምኒልክ ሁለተኛ ሆስፒታል ያሉ የዓይን ሕክምና ክፍሎች አሉ፤ የሕክምና ዘመቻም ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣል። ታዲያ ሰው ለምን ይቀራል?

አንደኛው ምክንያት «ሞራው ይብሰል» የሚለው ነው። በቀድሞው የአሠራር ዘዴ ይህ እውነትነት ነበረው፤ ዛሬ ግን ሰውየው ሥራው እንደ ታወከበት መታከም ይችላል፤ እስኪታወር መጠበቅ አያስፈልግም። ሁለተኛው ገንዘብ ነው፤ ሕክምናው ራሱ በነፃ ቢሆን እንኳ የመኪናው፣ የማደሪያውና የአስታማሚው ወጪ አለ። ሦስተኛው ፍርሃት ነው፤ «ዓይኔን አውጥተው ይመልሱታል» ብለው የሚያምኑ አሉ፤ ሐሰት ነው። አራተኛው አዛውንቱ ራሳቸው «ለቀረችኝ ዕድሜ ልጆቼን ላስቸግር?» ማለታቸው ነው። ይህ አራተኛው ከሁሉ ያሳዝናል፤ ሊመልሰው የሚችለውም ሐኪም ሳይሆን ልጅና ጎረቤት ነው።

6. ከመምህሩ ምን ይጠበቃል?

1ኛ/ መለየት። በ3 ሜትር ርቀት ቆሞ ጣት ማስቆጠር ቀላል መመዘኛ ነው። አንዱን ዓይን በመዳፍ ሸፍኖ ሌላውን፣ ከዚያም በተራ ማስቆጠር ይገባል። በተሻለው ዓይኑ እንኳ በ3 ሜትር ጣት መቍጠር ያልቻለ ሰው በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ከዓይነ ስውርነት ደረጃ ደርሷል። ይህ ምርመራውን አይተካም፤ ማን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለበት ግን ያሳያል። ዓይኑ ድንገት የጠፋበት ወይም ቀልቶ በኃይል የሚያመው ሰው ግን ያኑ ዕለት መሄድ አለበት።

2ኛ/ በጎልማሶች ክፍል ማስተዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ጎልማሶችንና አረጋውያንን ከፊደል ጋር አስተዋውቋል፤ ዛሬም የጎልማሶች ትምህርት አለ። አንድ የ50 ዓመት ተማሪ ከሰሌዳው እያነበበ መጽሐፉ ላይ ሲደርስ «ፊደሉ አይገባኝም» ካለ አእምሮው ሳይሆን የቅርብ እይታው ሊሆን ይችላል። መስኮት አጠገብ እናስቀምጠው፤ ፊደሉን አጉልተን በጥቁር ቀለም በነጭ ወረቀት እንጻፍለት፤ መነጽር እንዲያገኝ እንምከረው።

3ኛ/ የፊት መታጠብን በልጆች ማስለመድ። ትራኮማን ለመከላከል አራት ነገሮች ተያይዘው ይሠራሉ፦ ለተቀለበሰው ቆብ ቀዶ ሕክምና፣ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና። ሁለቱ የመጨረሻዎች በቀጥታ የመምህሩ ሥራ ናቸው። ዛሬ ፊቱን የሚታጠብ ተማሪ ከ50 ዓመት በኋላ የሚያይ ሽማግሌ ይሆናል።

4ኛ/ አጉል ሕክምናን መከላከል። የቅጠል ጭማቂ፣ የጡት ወተት፣ ከሰው የተዋሱት ጠብታ ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም። አንዳንድ ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል።

5ኛ/ አያያዝን ማስተማር። ወደ አዛውንቱ ስንቀርብ መጀመሪያ ስማችንን እንናገር፤ «አባባ፣ እኔ እገሌ ነኝ፤ የእገሌ ልጅ» እንበል። «ማን ነኝ? አወቁኝ?» እያሉ መፈተን የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ ለእኛ ጨዋታ ለእርሳቸው ግን ውርደት ነው። በምንመራቸው ጊዜ በትራቸውን አንጎትት፤ ክንዳችንን እንስጣቸው፤ ግማሽ እርምጃ ቀደም ብለን «ደረጃ አለ፣ ወደ ታች» እንበላቸው። የቤት ዕቃ ከለመዱበት ቦታ አይነሣ። የደረጃውን ጠርዝ በኖራ ነጭ እንቀባው። ስንሄድም «ሄድሁ» እንበል፤ ባዶ ቦታ ሲያናግሩ መገኘት ያሳፍራቸዋል። «ዕውር» የሚለውን ስድብም ከአፋችንና ከተማሪዎቻችን አፍ እናጥፋ።

7. ለክፍል የሚሆን ሙከራ

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦ ነጣ ያለ ስስ ፌስታል፣ ክር፣ አንድ እፍኝ ምስር፣ መርፌ፣ የተለያየ የብር ኖት፣ ጥቁርና ነጭ ሲኒ።

አሠራር፦ ፌስታሉን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ አጥፎ ዓይን ላይ ብቻ በክር ማሰር። አፍና አፍንጫ በፍጹም መሸፈን የለበትም። ሞራ ያለበት ሰው የሚያየው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ከዚያም በየተራ (ሀ) ምስሩን መልቀም፣ (ለ) ክር በመርፌ ማስገባት፣ (ሐ) ኖቱን መለየት፣ (መ) በ10 ሜትር ላይ የቆመ ጓደኛን ማወቅ፣ (ሠ) ውኃ በነጩ፣ ቡና በጥቁሩ ሲኒ መቅዳት፤ ቀጥሎም ሲኒዎቹን አለዋውጦ መቅዳት። የትኛው እንደ ቀለለ ይመዝገብ። አንድ ጓደኛ ሁልጊዜ አጠገብ ይሁን።

ከሙከራው በኋላ ተማሪዎች ወዲያው የሚናገሩት ስለ ምስሩ ሳይሆን ስለ (መ) መሆኑን መምህሩ ያስተውል። ሰውን አለማወቅ ከሥራው ይልቅ ይከብዳል።

ማጠቃለያ

የዓይን መድከም የዓይን ጉዳይ ብቻ አይደለም። አረጋዊውን ያደኸያል፣ ይጥለዋል፣ ከሰው ይለየዋል፣ ያስተክዘዋል፤ ልጁንም ከትምህርት ያስቀራል። ይሁንና አብዛኛው የሚታከም ወይም የሚከላከሉት ነው። እኛ እጩ መምህራን ሞራ አናወጣም፤ ግን ማን መታከም እንዳለበት ለይተን ማመልከት፣ ፍርሃትን በትምህርት ማራቅ፣ ከተማሪዎቻችንም ጋር ዛሬ ፊት መታጠብን መጀመር እንችላለን። በመጪው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ በየቤቱ ያሉትን አረጋውያን ጣት በማስቆጠር ብንጀምር ጥሩ ልምምድ ይሆናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የዓይን ሞራና ግላኮማ በምን ይለያያሉ? የትኛው ይመለሳል? የትኛውስ አይመለስም?
2. ትራኮማ በልጅነት ይዞ በእርጅና የሚያሳውረው እንዴት ነው? ሴቶችንስ ለምን ይበልጥ ይጎዳል?
3. በክፍላችሁ አንድ ልጅ አያቱን ስለሚመራ በሳምንት ሁለት ቀን ይቀራል እንበል። ልጁን ሳታሳፍሩና ቤተሰቡን ሳትነቅፉ ምን ታደርጋላችሁ? እርምጃችሁን በቅደም ተከተል ጻፉ።
4. «ካረጁ አይበጁ» ለሚል ሰው ከዚህ ጽሑፍ ምን መልስ ትሰጣላችሁ?
5. በአካባቢያችሁ አዛውንት ሕክምና እንዳያገኙ የሚያግዱ ምክንያቶች የትኞቹ ናቸው? ከነዚህስ አንድ መምህር ሊያስወግደው የሚችለው የትኛውን ነው?